የክምር ድንጋዩ ካሴት

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የላከው ካሴት ነው። ሰፈሩ ዶላር ሲጠብቅ አንዲት ካሴት፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤና ለአክስቴ አንድ ሹራብ መጣ። ጊዜው 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ በደብረ ታቦር የእኛ ሰፈር ስልክ ማለት ቴሌ ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ ስም እስኪጠራ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ነበርና አክስቴ የልጇን ድምፅ ከሰማች ቆይታለች። ካሴቱን ተቀብላ ሳመችው። ቴፑ ውስጥ ከተን ስንከፍተው ግን የልጇ ድምፅ የለም። ጣት ሳያርፍ የሚለቀም የክር መሣሪያ ወጣ፤ ከበላዩ የሚያላዝን ቫዮሊን፣ ቀጥሎም በአፍንጫው አድርጎ፣ ድምፁን እላይ ሰቅሎ የሚዘፍን ሰው።

“ይሄ ልጄ ነው?” አለች።

“አይደለም እትዬ።”

“ታዲያ ማነው እንዲህ ያስከፋው?”

ነገሩን ያስረዳን ደብዳቤው ነው። ልጁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አፓላቺያ የሚሉት የተራራ ሰንሰለት ሥር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ዶሮ ፋብሪካ ሥራ አግኝቷል። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ሬዲዮ ይከፍታል። በዚያ ሰፈር ከሚያዙት ጣቢያዎች አንዷ የዚያን አገር የባላገር ዘፈን ብቻ ነው የምታሰማው፤ ካንትሪና ብሉግራስ የሚሉትን። መጀመሪያ የሰማው ቀን ማሲንቆ መስሎት ከአልጋው ተነሥቷል። ቅዝቃዜው የጉና ተራራ፣ ዘፈኑ የጉና፣ እንጀራው ብቻ የለም ይላል። ከሬዲዮው ቀድቶ የላከልን እኛም እንድንሰማው ነው። በምላሹ ደግሞ አንድ ነገር ይለምነኛል። ማሲንቆ ቅዳልኝ፤ ከሬዲዮ የተቀዳ ግን አይሁን። አዝማሪው ሲያስል፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኝ። እዚህ የማየው ዶሮ ሁሉ አይጮህም።

ይህቺ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ሆዴን በላችው። እንግዲህ መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህችው ነው፤ እስክደርስበት ግን ስለ ዘፈኑ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ቡናውም ገና አቦሉ ነው።

ካንትሪ ለአገራችን ጆሮ ፈጽሞ ባዳ አልነበረም። እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ሠፍረው የነበሩት አሜሪካኖች የራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው፤ ለወታደሮቻቸው የሚያሰሙትን የከተማው ሰውም ይሰማው ነበር። ኬኒ ሮጀርስና ጂም ሪቭስ አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ በማይሰማ ሰው አፍ ሳይቀር ይዘፈኑ ነበር። ብሉግራስ ግን ሌላ ነው። ቢል ሞንሮ የሚባል የኬንታኪ ሰው ማንዶሊኑን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1939 ናሽቪል ውስጥ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው የቅዳሜ ማታ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ወጣ። ዝግጅቱን ደብሊው ኤስ ኤም የሚባለው ጣቢያ ከ1925 ጀምሮ ያስተላልፈዋል። በ1945 ደግሞ ኧርል ስክረግስ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ወጣት ባንጆውን በሦስት ጣት እየለቀመ ቡድኑን ሲቀላቀል፣ ያ አክስቴን ግራ ያጋባት ጥድፊያ ተወለደ። ባንጆው ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች በእጃቸው ሙያ ይዘውት የሄዱት ነው። ቅል፣ የተወጠረ ቆዳ፣ እንጨትና ክር። ቫዮሊኑን ያመጡት ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጡ ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ሁለቱ በተራራ ላይ ተገናኙ። ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ላይ የፈረስ ጭራ በደጋን ሲፋተግ እየሰማ ያደገ የእኛ አገር የፋርጣ ልጅ ይህን ሰምቶ ከአልጋው ቢነሣ ምን ይገርማል?

በዚያው ተራራ ጫፍ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ማውንት ኤሪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ራልፍ ኤፐርሰን የሚባል የአካባቢው ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 በ740 ኪሎኸርትዝ ላይ ደብሊው ፒ ኤ ኪው የተባለ ጣቢያ ከፈተ። ቅዳሜ ሲሆን የአገሩ ሰው ቫዮሊኑንና ባንጆውን አንጠልጥሎ ይመጣና በቀጥታ ይጫወታል። ያ የቅዳሜ ዝግጅት ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። እንዲህ ያሉ የትንሽ ከተማ ጣቢያዎች የጠፋ ውሻ ያፈላልጋሉ፣ የሚሸጥ ትራክተር ያስነግራሉ፣ በአካባቢው ያረፈውንም ሰው ስም ከነቀብሩ ሰዓት ያነባሉ። የእኛ እድር ጡሩምባ ነፊ የሚሠራውን እዚያ ሬዲዮው ይሠራዋል ማለት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የእኛ ቤት ሬዲዮ ሌላ ጠባይ ነበረው። በአገራችን ሬዲዮ ሥራ ከጀመረ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ድምፁ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ፣ በኋላ ደግሞ ከባሕር ዳር። የአማራ ሬዲዮን በአጭር ሞገድ 6090 ላይ ስንፈልግ አክስቴ አንቴናውን በእጇ ይዛ መስኮት ሥር ትቆማለች፤ ለቅቃ ከተቀመጠች ይጠፋል። ዜናው ያልቅና ማሲንቆ ይመጣል። ማሲንቆው ሞቅ ሲል ሞገዱ ይሸሻል። “አሁን ሊሰድባቸው ነበር እኮ!” ትላለች፤ አዝማሪ ከማወደስ አልፎ መንካት የሚጀምርበትን ቦታ ታውቀዋለችና። ስድቡን ሳንሰማ ስንት ማታ አልፏል። የገዛ አገሯን ዘፈን ለመስማት እንዲያ ቆማ ሳያት ያኔም ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጇን ልትጠይቅ አሜሪካ የምትሄድ የሰፈራችን ሴት ሰኞ ከባሕር ዳር ልትበር ሆነ። ካሴት ከያዝክ ስጠኝ አለችኝ። የቀረኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ አዝማሪ መቼ ጠፋ? ጠጅ ቤት ገብቶ ቀድቶ መውጣት ይቻል ነበር። እኔን ግን ዶሮው ያዘኝ። ገጠር ካልሆነ ምኑን ቀዳሁት አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስጠይቅ ስጠያይቅ ከክምር ድንጋይ ወዲያ፣ ጉና ሥር፣ እሑድ ትልቅ ሠርግ አለ፤ ስሙ የወጣ አዝማሪ ተጠርቷል ተባልኩ። ጥር ነው፤ አገሩ በሙሉ ሠርግ ነው።

ቴፓችን ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። ሦስቱን አዲስ ገዛሁ፤ ሦስቱን ከቤት አሮጌ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ባዶውን ካሴት ኮቴ ኪስ ከተትኩ። ቴፑ ውስጥ ያስገባሁት ያንኑ የልጁን ካሴት ነው፤ መጀመሪያ አዝማሪው ቫዮሊኑን ይስማው፣ ከዚያ ካሴቱን ቀይሬ እሱን እቀዳለሁ ብዬ። ካሴት የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ጀርባው ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ከተሰበሩ ቀይዋ የመቅጃ ቁልፍ አትወርድም፤ የተቀዳው ነገር አይነካም። የልጁ ካሴት አልተሰበረም። ይህንን ማን ልብ አለው?

ጠዋት አይሱዙ ላይ ተጫንኩ። ቻይናዎች በደርግ ጊዜ ከወረታ እስከ ወልድያ የሠሩት መንገድ ያን ጊዜ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ሰውን ሁሉ አንድ መልክ ያደርገዋል። ቴፑን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ። ጋሳይ አካባቢ አንድ ወጣት “ይሠራል?” አለኝ፤ እንዲሰማ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ባንጆው ከሞተሩ በልጦ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ አጠፋሁት። የድምፁን ቁልፍ ግን ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ክምር ድንጋይ ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ገብሱ ታጭዷል፣ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ጉና አናቱን ደመና ሸፍኖታል። ከዚያ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ ርብም ጉማራም ተነሥተው ጣና ይወርዳሉ፤ የሚወርደው ብርድ ደግሞ እኛ ላይ ነው።

ዳሱን ከሩቅ አየሁት። በቅጠል የተሠራ፣ ሰፊ፣ የሚያምር ዳስ። ሰዉ ነጭ ለብሶ ሞልቶታል። የከበሮ ድምፅ አለመኖሩን ሰምቻለሁ፤ ገና አልጀመሩም፣ ደረስኩ ብዬ እንዲያውም ፍጥነት ጨመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏታል፤ እሷስ የለቀመችው እህል ነው። የዳሱ በር ላይ ስደርስ፣ ከከተማ የመጣ እንግዳ ድምፁ ሊሰማ ይገባል ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣

“እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን ለዚህ አበቃችሁ!” አልኩ።

እናንተዬ፣ ያ ዝምታ። ሰው ሲቆጣ ይሻላል። ንፍሮ የሚያድለው ልጅ ሰፌዱን እንደያዘ ቀረ። ያኔ ነው ያየሁት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጥጉ ላይ ፊቷን የነጨች አንዲት እናት አለች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበዋል። የሙሽራዋ አያት ዓርብ ሌሊት አርፈው ቅዳሜ ተቀብረዋል። ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲያ ተላልፏል፤ ዳሱ ግን ተሠርቶ ነበርና ለለቅሶው ሆነ። ለሠርግ የተጠራው ሰው ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ተቀመጠ። ይህንን ከእኔ በቀር ያልሰማ የለም።

የተዘረጉት እጆቼ የት እንደሚገቡ ጠፋኝ። አንዱን ወደ ኪሴ ብልከው ካሴቱ ያዘው። አንድ ሽማግሌ ናቸው ያወጡኝ። “ግባ ልጄ፣ ግባ። ሳታውቅ ነው። እግዜር ያጽናችሁ በልና ተቀመጥ” አሉኝ። እግዜር ያጽናችሁ አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ንፍሮውን በእፍኜ ተቀበልኩ። አዲስ ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር አንዱ ወደ ጆሮው ጠጋ ይላል፤ ያ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ በትሕትና ዓይኑን ይመልሳል። ያቺን ትሕትና መቻል ነበር ከባዱ። እህሉ በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ሳልበላው ቆየሁ።

አዝማሪውን አየሁት። ከዳሱ ጥግ ተቀምጧል፤ ማሲንቆውን በነጠላ ሸፍኖ ግድግዳ አስደግፎታል። ለሠርግ የመጣ ሰው፤ እሱም ተራውን ይጠብቃል። ለቅሶ ላይ የሚባለውን ማለትም ያውቃልና።

ጸጥ ብዬ ቆይቼ ወጣ እላለሁ ብዬ አሰብኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቄሱ ሲገቡ ሁሉም ብድግ አለ፤ እኔም ብድግ ስል ጋቢው ሊወድቅ ሆነ፤ በክርኔ ጭኔ ላይ ደግፌ ስይዘው፣ ቀጭ አለ።

ባንጆ! ያውም በዚያ በአይሱዙው ድምፅ። ያ ሁሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ጋቢውን ብፈታው ይበልጥ ይጮሃል፣ ብጠቀልለው ቁልፉን አላገኘውም። እጄን አስገብቼ አንዱን ስጫን ቴፑ ጢጢጢ እያለ ወደፊት ሮጠ፤ ሌላውን ስጫን ቆመና እንደገና ተናገረ። ባንጆው ግን ሄዷል። አሁን የመጣው ሰውዬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሳይቸኩል በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው። ስም ይጠራል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ሌላ ስም ይጠራል።

“ምን ይላል?” አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሊያውቁ ነው የፈለጉት።

ከአካባቢው ትምህርት ቤት የመጣ የእንግሊዝኛ መምህር ከወንዶቹ መካከል ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። “የሞቱ ሰዎችን ስም ነው የሚያነበው፤” አለ። “ዕድሜያቸውን ይናገራል። የልጆቻቸውን ስም። ቀብሩ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ።”

ቄሱ ቆመው ነበር። “የየት አገር ሰዎች ናቸው?”

“የአሜሪካ፤ የተራራ ሰዎች” አልኩ።

“እኚህኛዋ ሰባት የልጅ ልጅ አላቸው ይላል” አለ መምህሩ።

“ይባረኩ!” አለች ከሴቶቹ አንዷ። ቀጥሎ ቄሱ “ነፍስ ይማር” አሉ፤ ዳሱም በሙሉ ነፍስ ይማር አለ። ሰውየው ሌላ ስም ጠራ፤ ነፍስ ይማር። ሌላ ጠራ፤ ነፍስ ይማር። ፋርጣ ውስጥ፣ ገብስ በሚወቃበት ወር፣ ለማያውቋቸው የቨርጂኒያ ሙታን። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ንባቡ አልቆ እንደገና ባንጆ ሊመጣ እንደሚችል ትዝ ሲለኝ እጄን ሰድጄ ማቆሚያዋን ተጫንኩ፤ ቆመ። ለማረጋገጥ ደግሜ ስጫን ከጎኗ ያለችው ወረደች፤ ድምፅ ስለሌላት ምንም አልመሰለኝም። ያቺ ቀይዋ ናት። በእኛ ቴፕ ቀይዋ ስትወርድ ማጫወቻዋን ይዛ ትወርዳለች።

ከዚያ በኋላ ነው የሟቹ ታላቅ ልጅ ወደ ጥጉ ዞሮ “እስቲ ለአባታችን አንድ በልላቸው” ያለው። አዝማሪው ነጠላውን ገለጠ፣ ጭራውን በጣቱ ሞከረ፣ ጀመረ። የሰውየውን እርሻ አነሣ፣ እንግዳ አቀባበላቸውን አነሣ፣ በወጣትነታቸው የተሻገሩትን ወንዝ አነሣ፣ ለሠርጉ የጠነሰሱትን ጠላ አነሣ። አልቃሿ ትቀበለዋለች፣ እሱ መልሶ ይሰጣታል። ሰዉ ተነቀነቀ። ከዚያ አዝማሪ ነውና ወደ እኔ መጣ። ዳስ አይቶ ደስታ ስለመሰለው ከተሜ አንድ ስንኝ ጣለ፤ አንዳንዱ አፉን በጋቢ ያዘ፣ ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ወዲያው ደግሞ ባሕር ማዶ ላሉት፣ ዛሬ ስማቸው እዚህ ዳስ ውስጥ ለተጠራው፣ አንድ ጣለላቸው። ያን ጊዜ ያ ዳስ ያለቀሰውን ለቅሶ ልነግራችሁ አልችልም። እኔም አለቀስኩ።

ስወጣ አዝማሪው ወደ አጥር ሸኘኝና “ያን ቫዮሊን አሰማኝማ” አለኝ። ቁልፉን ብጫን ቴፑ አንድ ጊዜ አቃስቶ ዝም አለ፤ ባትሪው አልቋል። “ሌላ ጊዜ” አለ፣ ተለያየን። ባዶው ካሴት ከነላስቲኩ ኪሴ ውስጥ ነው። ምንም ሳልቀዳ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ጮኼ፣ ማታ ደብረ ታቦር ገባሁ።

አክስቴ እራት እያቀረበች “ምን አመጣህ?” ስትለኝ መልስ አጣሁ። ቴፑን መብራት ላይ ሰካሁትና የልጁን ካሴት ወደ ኋላ መልሼ ከፈትኩት። ሰውየው ስም ይጠራል፤ ቀጭ፤ ከዚያ ሌላ ዓለም። የቄሱ ሳል። የሚንሾካሾክ ሰው። “ለአባታችን አንድ በልላቸው።” ከዚያ ማሲንቆው። የደከመ ባትሪ ካሴቱን ቀስ እያለ ሲያዞረው የተቀዳ ድምፅ፣ በመብራት ሲከፈት ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። አዝማሪው ድምፁ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ጭራው ጥድፊያ ይዞት ወጣ። ጀርባው ላይ አውራ ዶሮ ጮኸ። አክስቴ ማሰሮውን እንደያዘች ቁጭ አለች። “ይሄንን ላክለት” አለች። ሰኞ ሴትዮዋ ይዛው ሄደች።

ልጁ ቴሌ አስጠርቶን ያወራን ከወራት በኋላ ነው። ሰላምታ አላስጨረሰኝም። “ይሄ አዝማሪ ቢል ሞንሮን ሰምቶ ያውቃል?” አለኝ። የባትሪውን ነገር ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና ለየትኞቹ ሙታን እንደተለቀሰ ጠየቀኝ፤ ከመካከላቸው አንዷ ከሚኖርበት ቤት ሁለት በር ራቅ ብለው ይኖሩ የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ ቀብራቸው ላይ ቆሟል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምመኘውን በግልጽ ልናገር። ኤፍ ኤም መጥቷል፤ ባሕር ዳር 96.9 አለ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ሬዲዮን በሕግ አወቀ። ደስ ይላል። ግን ለነፋስ መውጫም፣ ለክምር ድንጋይም፣ ለእስቴም በየደጃቸው የአዝማሪ ቀን ያላት ሬዲዮ ትኑራቸው እላለሁ፤ ማሲንቆ ይዞ የመጣ ሰው ደጅ ሳይጠና ገብቶ የሚጫወትባት፣ የጠፋች ጊደር የምትፈለግባት፣ የሞተው ሰው ስም የሚጠራባት። ስድቡ ላይ ሲደርስ ሞገዱ የማይሸሽባት። አክስቴ አንቴና ሳትይዝ ተቀምጣ እንድትሰማ እፈልግ ነበር፤ እሷ አልደረሰችበትም፤ ነፍሷን ይማረው።

ካሴቱ ግን ወሬው አገር ለአገር ዞሮ ጉና ሥር ደረሰ። የሟቹ ልጆች የአባታችን ለቅሶ አለ አሉ ብለው ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። አሜሪካ ነው ያለው ስላቸው አላመኑኝም፤ መምህሩን ምስክር ጠራሁ። ልጁ አስገልብጦ ላከልን፤ ለሙት ዓመቱ ደረሰ። የቀረውን የካሴቱን ጎን ባዶ መተው አሳዝኖት ከዚያችው ጣቢያ በብሉግራስ ሞልቶታል። ስድስት አዲስ ባትሪ ገዝቼ እኔው ወሰድኩላቸው። በሩ ላይ ስደርስ ምንም ሳልናገር ለመጀመሪያው ሰው እጅ ነሣሁ። ለቅሶው ተሰማ፣ ዳሱ አለቀሰ፣ ካሴቱ ቀጭ አለና ባንጆው መጣ። ታላቁ ልጅ ሊያጠፋው ተነሣ።

“ተወው” አሉ የሟቹ ባለቤት። “እኚያም ሰዎች ሙት ዓመታቸው ይሆናል።”

ተቀመጠ። ባንጆው ሄደ፣ ቫዮሊኑ መጣ፤ አዝማሪው አሁን ሰማው፣ ጆሮውን ከቴፑ ጋር አጣብቆ። በመሃል ሌላ ልጅ ባትሪ ቢያልቅ ብሎ ወደ ክምር ድንጋይ ሱቅ ሮጠ። ሲመለስ ባለሱቁም ሱቁን ዘግቶ አብሮት መጣ፤ መጀመሪያውን አልሰማሁም፣ መልሱልኝ አለ። ካሴቱን እስክሪብቶ ላይ ሰክተን ባትሪ እንዳይበላ በእጃችን ስናዞረው አመሸን።